አክተር አይሞትም

ሰው ሲገደል ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በነበረ የቆርቆሮ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። መስኮቱ ላይ የማዳበሪያ ጆንያ ተቸንክሮበት ነበር፤ ብርሃን እንዳይገባ ተብሎ አየሩም አብሮ ቀርቷል። አግዳሚው ላይ ተጠጋግተን እንቀመጥና የአንዱ ላብ የሌላውን ሸሚዝ ያርሰዋል። ወንድሜ በጥቂት ዓመት ይበልጠኛል። እናታችን ብቻውን እንዳይሄድ እኔን ታስከትልበታለች። እሱም እኔን ካልያዘ እንደማይፈቀድለት ስለሚያውቅ እጄን እየጎተተ ይወስደኛል።

የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ወሎዬ ነበሩ። ቴሌቪዥኑንና ዴኩን ከጅቡቲ በባቡር አስመጥተው ሻይ ቤታቸውን ወደ ቪዲዮ ቤት የለወጡ ሰው። የአስር ሰላት ሲደርስ ፊልሙን ባለበት ያቆሙታል። አክተሩ ቡጢውን እንደሰነዘረ፣ የቦሱ አፍ እንደተከፈተ ምስሉ እየተንቀጠቀጠ ይጠብቃል። እሳቸው ሰግደው ሲመለሱ ቡጢው ያርፋል፣ ጥርስ ይረግፋል፣ ቤቱ በፉጨት ይናጋል።

አክተር የምንለው ጥሩውን ሰውዬ ነበር፤ ቦስ ደግሞ ክፉውን። ስማቸውን አናውቅም፤ እንግሊዝኛውንም አንሰማም። ማወቅ የሚያስፈልገን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አክተር አይሞትም። እነዚያ ፊልሞች በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ የተሠሩ እንደነበሩ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። እኛ ዘንድ ሲደርሱ አርጅተው ነበር። ካሴቱ ከመታየት ብዛት ተፍቆ የሚፈሰው ደም ሐምራዊ ሆኗል።

ወንድሜ አብልጦ የሚወደው የአንድ የወደብ ሠራተኛ ታሪክ ነበር። ቦሱ የሰውየውን ጓደኞች መጋዘን ውስጥ ቆልፎ ያቃጥላቸዋል። ሰውየው ፊቱ እንደተለበለበ ከእሳቱ ወጥቶ የቦሱን ሰዎች አንድ በአንድ እያደነ ይገድላል። አንዱን በዕቃ ማንሻው መንጠቆ ሰቅሎ ይተወዋል። አንዱን በሰንሰለት አንቆ ባሕር ውስጥ ይነክረዋል። በመጨረሻ መትረየስ በክንዱ አንግቶ ወደ ቦሱ ግቢ ሲገባ ሰው እንደ ማሽላ ይታጨዳል፤ እሱን ግን አንዲት ጥይት አታገኘውም። ሴት ልጅ ስለሆንኩ እፈራለሁ ብለው የሚጠብቁ ነበሩ። አልፈራሁም። ደስ ይለኝ ነበር። ያ የሰንሰለት ድምፅ ሲመጣ ጉልበቴን አቅፌ አፌን ከፍቼ እጠብቀዋለሁ።

አንድ ቀን ግመል ለገበያ ያመጡ አንድ የአፋር ሽማግሌ ገብተው ከፊት ተቀመጡ። ጊሌያቸውን እንደ ሌላው ሰው ሁሉ በር ላይ ለባለቤቱ ትተው ነበር፤ ባለቤቱ ጩቤ ታጥቆ መግባትን አይፈቅዱም። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሳይነቃነቁ አዩ። ፊልሙ ሲያልቅ ወደ ባለቤቱ ዞረው፣ የሞቱት ሰዎች ጎሳ የላቸውም ወይ ብለው ጠየቁ። ባለቤቱ ፊልም እኮ ነው አሏቸው። ሽማግሌው ፊልም መሆኑማ እንዳልጠፋቸው፣ ግን የዚህን ሁሉ ሰው ደም ማን እንደሚከፍል፣ ለማን እንደሚከፈል ሳያሳዩ ማለቁ እንደገረማቸው ተናገሩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም፤ ጊሌያቸውን ተቀብለው ወጡ።

በዚያው ሰሞን ወንድሜ የአንድ ልጅ መንጋጋ ሰበረ። ጠቡ ስለ ምን እንደነበር ዛሬ አላስታውስም። ከሐዲዱ አጠገብ ተያያዙ፤ ልጁ ድንጋይ አነሳ፤ ወንድሜ ደግሞ የወለቀ የሐዲድ ብሎን አግኝቶ ባለ በሌለ ኃይሉ ፊቱን መታው። የአጥንቱን ድምፅ ሰምቻለሁ። በፊልሙ ላይ ቡጢ ሲያርፍ የሚሰማው ድምፅ ወፍራም ነው፣ ከበሮ ይመስላል። ይሄኛው ቀጭን ነበር፤ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው። ልጁ አፉን መዝጋት አቅቶት ደም የተቀላቀለበት ለሐጭ እያዝረበረበ እናቱን ፍለጋ ሄደ።

አባታችን የባቡር መካኒክ ነበር። የልጁ ቤተሰቦች መጥተው ነገሩት። ከሄዱ በኋላ ወንድሜን ግቢያችን ካለው የኒም ዛፍ ጋር አስሮ በቺንጋ ገረፈው። ቺንጋው የሞተር ነው፤ በላስቲኩ ውስጥ ክር አለው። የመጀመሪያዎቹ ሰንበር አወጡ፤ የኋለኞቹ ቆዳውን ከፈቱት። ወንድሜ አላለቀሰም። አለማልቀሱ አባቴን ይበልጥ አበገነው፤ የሚመታው ለማስለቀስ ብቻ ሆነ። እናቴ እጁ ላይ ተንጠለጠለች። እኔ ሮጬ ወንድሜ ፊት ቆሜ አልቅስ፣ አልቅስና ይተውህ እያልኩ ለመንኩት። ከንፈሩን ነክሶ በጥሶት ስለነበር ጥርሱ ቀልቷል። በዚያ ጥርስ ፈገግ አለልኝ።

ማታውን ጀርባው ላይ የጨው ውሃ ስናደርግለት፣ «አክተር ሲመታ ይጮሃል እንዴ?» አለኝ።

አሥረኛ ክፍል ሲጨርስ ወታደር ሆነ። ማንም አልገረመውም። አባቴ ሞተ፣ እናቴ ተከተለችው፣ አዋሽ ያለውን ቤት አከራየነው፤ ዲሽ ሲመጣ ቪዲዮ ቤቱም ተዘጋ። እኔ መምህር ሆኜ ሰመራ ተመደብኩ። ባሌ በጅቡቲ መንገድ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከወሩ አብዛኛው መንገድ ላይ ነው የሚያልፈው። ወንድሜ ከየካምፑ እየደወለ ሁሌ ደህና ነኝ ይላል። ጦርነቱ ሲመጣ ስልኩ ጠፋ። ብዙ ወራት ጠፋ። መሞቱን ለራሴ ነግሬ፣ ጥቁር ልብስ ልግዛ አልግዛ እያልኩ እያመነታሁ ሳለ አንድ ቀን ከማላውቀው ቁጥር ደውሎ ሆስፒታል እንዳለ፣ ዳሌው ውስጥ ፍንጣሪ እንደቀረና ከሠራዊቱ እንደሚሰናበት ነገረኝ። እኔ ጋ እንዲመጣ ጠየቅኩት። ባሌም ተስማማ። ጓሮ ያለችውን ክፍል ለቀቅንለት።

የመጣው ሰውዬ ዝምተኛ ነበር። እያነከሰ ይገባል፣ እያነከሰ ይወጣል። የሰመራ ሙቀት አይሰማውም። እኛ ቬንቲሌተር ሥር ተዘርግተን ስንቃትት እሱ ከግንቡ ጥላ ሥር ተቀምጦ መንገዱን ያያል። ስለ ጦርነቱ የጠየቀው ሰው ሁሉ ያለፈ ነገር ነው የምትል መልስ ብቻ ያገኛል። እኔም ትቼው ነበር።

ፊልሞቹን ያመጣቸው እሱ ራሱ ነው። ገበያው ውስጥ ፊልም በፍላሽ የሚጭን ሱቅ አግኝቶ የልጅነታችንን ዓይነት ምረጥልኝ ብሎ አስጭኖ መጣ። ዓርብ ከሰዓት፣ ትምህርት ቤት ስለማልገባ፣ አብረን ማየት ጀመርን። መጀመሪያ ላይ ሳቅን። ጸጉራቸው ያስቅ ነበር፤ የተረጨ፣ የተነፋ። ጥይት የማያልቅበት ጠመንጃ ያስቅ ነበር። ከመጣ ጀምሮ ወንድሜ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነው፤ እነዚያን ቀኖች እወዳቸው ነበር።

ሦስተኛው ወይም አራተኛው ዓርብ ላይ ይመስለኛል፣ አክተሩ በሌሊት ወደ ቦሱ ካምፕ ይገባል። ዘበኛው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። አክተሩ ከኋላ መጥቶ አፉን ያፍነውና ጩቤውን አንዴ ይስበዋል። ዘበኛው እንደ ባዶ ጆንያ ፀጥ ብሎ ይወድቃል።

ወንድሜ ሪሞቱን አንስቶ ፊልሙን አቆመው።

«እንዲህ ፀጥ ብሎ አይሞትም» አለ።

እኔን አያይም፤ ከቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ ዓይኑን ሳያነሳ ነው የሚናገረው። «አፉን ስታፍኚው ይነክስሻል። ይሄውልሽ» አለና ቀኝ እጁን ዘረጋ። ከአውራ ጣቱ ሥር ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ጠባሳ አለ። እኔ ከመጣ ጀምሮ አይቼው ውሻ የነከሰው መስሎኝ ነበር። «ጩቤው አንገት ውስጥ እንደ ቅቤ አይገባም። ጅማት ይይዘዋል። ስትስቢው ይንሸራተታል፣ ደሙ ትኩስ ስለሆነ እጅሽ አይጨብጥም። እግሩ ድንጋይ ለድንጋይ እየተራገጠ ጫማው ወለቀ። በእጄ መሃል እናቱን ጠራ። ቋንቋውን አውቀዋለሁ። ረጅም ነው፤ በጣም ረጅም ነው። በመጨረሻ እኔ ነኝ የለመንኩት። በቃህ፣ በቃህ እያልኩ ጆሮው ላይ እለምነው ነበር።»

ከዚያ ሪሞቱን ተጫነ። አክተሩ ጩቤውን ሱሪው ላይ ጠርጎ ቀጠለ።

ከዚያ ወዲህ ዓርብ ሁሉ እንዲሁ ሆነ። ፊልም ይከፍታል፤ አንድ ቦታ ላይ ያቆማል፤ ይናገራል። ቦምብ ሲፈነዳ ሰዎች በአየር ላይ ሲገለባበጡ ያቆምና፣ ሰው እንደማይገለበጥ፣ እግሩ ብቻ ከጫማው ጋር ቆሞ እንደሚቀር ይነግረኛል። ሆዱ የተመታ ሰው ሁለት ቀን ውሃ ሲለምን፣ ውሃ መስጠት ክልክል ስለነበር አጠገቡ ተኝተው እንዳዳመጡት ነገረኝ። ታንክ ውስጥ የተቃጠለ ሰው ሽታ ከምግብ ሽታ ጋር እንደሚመሳሰልና የራበው ሆድ እንደማይለየው ነገረኝ። በቀጥታ ብጠይቀው አንዱንም አይነግረኝም ነበር። ፊልሙ ሲሳሳት ግን ዝም ማለት አይችልም።

እኔም ተለወጥኩ። አክተሩን ማየት ተውኩ። ዓይኔ የሚሄደው ከኋላ ወደሚወድቁት ነው፤ ፊታቸው ወደማይታየው፣ ከሰገነት ወደሚገለበጡት፣ አንዴ ጮኸው ወደሚያበቁት። እነዚያ ሰዎች ቁርስ ምን እንደበሉ ማሰብ ጀመርኩ። ልጅ ሆኜ ደስ ያለኝ የሰንሰለት ድምፅ ሲመጣ ጆሮዬን በነጠላዬ እሸፍናለሁ። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼ በጣታቸው ጠመንጃ ሠርተው ሲተኳኮሱ ሄጄ ጣታቸውን አጣጥፋለሁ። ግን አቁም አላልኩትም። ሲናገር ፊቱ ላይ ደም ይመለስ ነበር፤ ከዚያ በኋላም ይበላል፣ ይተኛል። እየዳነ መስሎኝ ነበር።

አንድ ዓርብ ከምሳ በኋላ መብራት ጠፋ። ፊልሙ መሃል ላይ ቀረ፤ ወንድሜ ምንጣፉ ላይ እንደተጋደመ፣ ሪሞቱ ደረቱ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። እኔ የተማሪዎች ፈተና እያረምኩ ነበር። መብራቱ ሲመለስ ቴሌቪዥኑ በራሱ ተነሳ፤ ድምፁ እስከ ጥግ ተለቆ መትረየሱ ቤቱን ሞላው። ለመቀነስ ብዬ ሪሞቱን ልወስድ ጎንበስ አልኩበት።

መቼ እንደያዘኝ አላውቅም። ጀርባዬ ሲሚንቶው ላይ ነው፣ ጉልበቱ ደረቴ ላይ ነው፣ ሁለት አውራ ጣቶቹ ጉሮሮዬ ውስጥ ገብተዋል። ዓይኑ ተከፍቷል፤ እኔን ግን አያየኝም፤ ከጭንቅላቴ በስተጀርባ ያለ አንድ ነገር ነው የሚያየው። ጭንቅላቴን አንስቶ ወለሉ ላይ መታው፤ ደገመው። ስሙን ልጠራ ፈለግኩ፤ ድምፅ የለኝም። ጥፍሬን ፊቱ ላይ ተከልኩና ወደ ታች ሳብኩት፤ ቆዳው ጥፍሬ ሥር ሲሰበሰብ ይሰማኛል፤ አልለቀቀኝም። ጣሪያው ከዳር ዳር መጥቆር ጀመረ። እጁ ሸርተት ሲል አፌ አጠገብ ያገኘሁትን ሥጋ ባለኝ ኃይል ነከስኩት። ደሙ አፌ ውስጥ ገባ።

ጎረቤቴ በሩን ገፍታ ስትገባ አልሰማሁም። አፋር ናት፤ ወተት የምታመጣልኝ፣ በዕድሜ እናቴን የምታህል ሴት። ሩጫዋን ሳይሆን ውሃውን ነው የማስታውሰው። ደጅ ካለው ሮቶ የተቀዳ፣ ፀሐይ ያፈላው ውሃ በጆግ ሙሉ ፊታችን ላይ ወረደ። ወንድሜ ጮኸ፤ እጁ ላላ። በኮሌታው ጎትታ ከላዬ አወረደችውና ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። ቴሌቪዥኑ አሁንም ይተኩሳል። እሷ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ ተናገረችው፤

«ቁጭ በል። ቤት ነው። ሰመራ ነው። ያቺ እህትህ ናት።»

ደጋግማ ነገረችው። ሲገባው አየሁት። ዓይኑ ወደ አንገቴ መጣና እዚያ ቆመ። ከዚያ ተነስቶ ግቢ ወጣ። ተከትለነው ስንወጣ ግንባሩን ከብሎኬት ግንቡ ጋር እያጋጨ ነበር፤ በዝግታ፣ ሥራ እንደሚሠራ ሰው። ግንቡ ላይ ደም ተንጠባጥቧል። የግንባሩ አጥንት ነጭ ሆኖ እስኪታይ ድረስ የሚይዘው ጠፋ። ከመንገድ የመጡ ወንዶች ናቸው ጥለው በነጠላ ያሰሩት።

ባሌ በጅቡቲው መንገድ ሰርዶ ላይ ጎማ እያስቀየረ ሳለ ነው በስልክ የሰማው። ጭነቱን ለረዳቱ ትቶ በሌላ መኪና መጣ። እኔ ድምፄ ተዘግቷል፤ አንገቴ ጠቁሮ አብጧል፤ የግራ ዓይኔ ነጩ ደም ለብሷል። አየኝና ወደ ጓሮ ዞረ። እጁ ላይ የጎማ መፍቻ ብረት ነበር። ሮጬ በሩ ላይ ቆምኩ። ገፋኝ። እንደገና ቆምኩ።

ወንድሜ ከውስጥ በሩን ከፈተው። ግንባሩ ጤና ጣቢያ ተሰፍቶለታል። ባሌን አየ፣ ብረቱን አየ፤ ከዚያ የሚያነክሰውን እግሩን እያመቻቸ ደጃፉ ላይ ተንበረከከ።

«ምታኝ» አለው። «እባክህ ምታኝ።»

ባሌ ብረቱን አነሳ። አንገቱ ላይ የወጣውን ሥር አየሁት። የሚያርፍበትን ቦታ፣ የሚሰማውን ቀጭን ድምፅ አስቀድሜ ሰማሁት፤ ዓይኔን ጨፈንኩ። የሰማሁት ብረቱ ሲሚንቶ ላይ ሲወድቅ ነው። ባሌ ከግንቡ ጥግ ሄዶ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ወንድሜ ለረጅም ጊዜ ሳይነሳ ቆየ። ማንሳት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ አልቀረብኩትም። ጎረቤቴ መጥታ አነሳችው።

ወደ አእምሮ ሐኪም የወሰድነው በማግስቱ ነው። ሐኪሙ ሴት ናት፤ ወጣት። አብዝታ አልጠየቀችውም። መድኃኒት ሰጠችው፤ ቀጠሮ ሰጠችው፤ ፊልሙን እንዲተው ነገረችው። ፍላሹን እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ ትቶላት ወጣ። መድኃኒቱ መጀመሪያ ላይ ከንፈሩን አደረቀው፣ እጁን አንቀጠቀጠው። ሲሻለው ከእኔ ቤት መሄድ እንደሚፈልግ ተናገረ። አንገቴን እያየ መብላት እንደማይችል ነው ለባሌ የነገረው። ለእኔ አልነገረኝም።

አሁን አዋሽ ነው ያለው፤ በአባታችን ቤት። ተከራዮቹ ወጥተውለታል። ከከተማው በታች፣ ወንዙ አጠገብ ባለ የሽንኩርት እርሻ የውሃ ፓምፕ ያንቀሳቅሳል። ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ስለሚጮህ ሌላ ድምፅ አይሰማም፤ ለዚያ ነው የወደደው። መድኃኒቱን ይወስዳል። አንዳንድ ሳምንት ደህና ነው። አንዳንድ ሳምንት ስልክ አያነሳም፤ ጎረቤት እልካለሁ።

እኔ ሰመራ ሆኜ እነዚያን ፊልሞች ከገበያው ሱቅ በሌላ ፍላሽ አስጭኜ አልፎ አልፎ ብቻዬን እከፍታለሁ። ዘበኛው እስኪመጣ አያለሁ፤ እሱ ሲወድቅ አጠፋለሁ። ባሌ ይህን አይወድም።

ባለፈው ወደ አዲስ አበባ ስሄድ አውቶቡሱ ለምሳ አዋሽ ቆመ። ወንድሜ ከእርሻው በባጃጅ መጥቶ ሆቴሉ በረንዳ ላይ ጠበቀኝ። ግንባሩ ላይ ያለው ስፌት ነጭ መስመር ሆኗል። ወፍሯል። ጥብስ አዘዘልኝና ስለ ሽንኩርቱ፣ ጎርፍ ስለወሰደው ቦይ፣ ማታ ማታ ከበረሃው እየወጡ ቱቦውን ስለሚያላምጡት ከርከሮዎች አጫወተኝ። ትተኛለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አንዳንዴ አለኝ።

እወደዋለሁ። እፈራዋለሁም። አስተናጋጁ አንድ ጎን ላይ አጠጋግቶ አስቀምጦን ነበር፤ እኔ ምንም ሳልናገር ወንድሜ ተነሳና ወንበሩን አንስቶ ከጠረጴዛው ማዶ ወሰደው። እጆቹን እኔ በማያቸው ቦታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የአውቶቡሱ ጥሩምባ እስኪነፋ ድረስ እንደዚያ ሆነን በላን።